ፅንስና ጊዜ፤ የመካንነት ሕክምና እንዴት ሊሳካ ቻለ?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ባልና ሚስት ተጋብተው ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይተው ልጅ ሳይወልዱ ሲቀሩ፣ በአገራችን ልማድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሐኪም ሳይሆን ጎረቤት፣ መጀመሪያም የሚወቀሰው ባል ሳይሆን ሚስት መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። አማት ፊቷን ታጠቁራለች፤ ዘመድ ወዳጅ በየበዓሉ «ምነው ዘገያችሁ?» ይላል፤ ሴቲቱም ስለት ትሳላለች፣ ጠበል ትጠመቃለች፣ መድኃኒት ዐዋቂ ነኝ ለሚለው ሁሉ ገንዘቧን ታፈሳለች። በመጨረሻም «መካን» የሚለውን ስም ተሸክማ ከትዳሯ የምትወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ባልየው ሌላ ሚስት አግብቶ ከዚያችም ሳይወልድ ሲቀር፣ ነገሩ ከማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይገለጣል፤ ነገር ግን የፊተኛይቱ ሴት የመውለጃ ዘመኗ አልፎባታል።

ዛሬ በዚህ ሰዓት ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ፣ ይህን የቤት ውስጥ ሐዘን ለማቃለል የሰው ልጅ ያደረገውን ረጅም ድካም፣ ይኸውም ፅንስን ከማሕፀን ውጭ አስጀምሮ ወደ ማሕፀን የመመለስ ጥበብ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ምን ሲያሟሉ እንደሚሳካ፣ ምንስ ሲጐድል እንደሚከሽፍ ነው። ይህን ታሪክ ከሥሩ የመረመረ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን የደከሙት በጥበብ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የተፈጥሮን ሰዓት ባለማወቅ ጭምር ነበር። የተሳካላቸውም ያን ሰዓት ጠብቀው በተገኙ ጊዜ ነው። ዛሬም ቢሆን ሕክምናውን ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በመጀመሪያ የተፈጥሮን ሥራ በአጭሩ እንመልከት። በጤነኛ ሴት አካል ውስጥ እንደ ደንቡ በየወሩ አንድ ዕንቁላል ይበስላል። ይህ ዕንቁላል ከመፍለቂያው ወጥቶ ወደ ማሕፀን በሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገባል። በሕይወት የሚቆየውም ከአንድ ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ነው። የወንድ ዘር በበኩሉ በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ በዚያች አጭር ጊዜ በቱቦው ውስጥ ከተገናኙ ፅንስ ይጀመራል፤ ፅንሱም እየተከፋፈለና እያደገ አምስትና ስድስት ቀን ያህል ቆይቶ በማሕፀን ግድግዳ ላይ ይተከላል። ማሕፀንም እንግዳዋን ለመቀበል ዝግጁ የምትሆነው በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ፅንስ ውስጥ ስንት ሰዓት በአንድነት መቁጠር እንዳለበት አስተውሉ። ከነዚህ አንዱ ቢዛባ ወይም ቱቦው ቢደፈን ልጅ አይገኝም።

የቱቦ መደፈን ነገር በተለይ እኛን የሚመለከት ነው። በአባለ ዘር በሽታ፣ ንጽሕና በጐደለው የማስወረድ ሥራ፣ ወይም ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ምርቀዛ ምክንያት ቱቦው ይቈስላል፤ ቍስሉም ሲድን ጠባሳው መንገዱን ይዘጋዋል። ሴቲቱ ዕንቁላል አላት፣ ማሕፀን አላት፣ ባሏም ዘር አለው፤ የጠፋው መንገዱ ብቻ ነው። ሊቃውንቱም ያሰቡት «መንገዱ ከተዘጋ፣ ዕንቁላሉንና ዘሩን ከውጭ አገናኝተን በሌላ መንገድ ወደ ማሕፀን ብናገባውስ?» ብለው ነው።

ይህ ሐሳብ ሩቅ መነሻ አለው። እንግሊዛዊው ዋልተር ሂፕ በ1890 ዓ.ም. የአንዲቱን ጥንቸል ፅንስ አውጥቶ በሌላይቱ ጥንቸል አካል ውስጥ አስገብቶ ግልገሎቹ በሰላም እንዲወለዱ አድርጎ ነበር። በዚህም ፅንስ ከእናቱ ወጥቶ በሌላ ማሕፀን ሊያድግ እንደሚችል ታወቀ። ቀርቶ የነበረው የፅንሱን መጀመሪያ ከአካል ውጭ ማድረግ ነበር።

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አጠገብ ዶክተር ጆን ሮክ የተባሉ የማሕፀን ሐኪምና ረዳታቸው ወይዘሮ ሚርያም መንኪን ይህንኑ በሰው ዕንቁላል ይሞክሩ ጀመር። ወይዘሮ መንኪን ስድስት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ዕንቁላልና ዘር በመስታወት ሰሐን ላይ እያገናኙ ሲጠብቁ ምንም ውጤት አላዩም። ልማዳቸው ዘሩን ሦስት ጊዜ አጥበው ከዕንቁላሉ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ነበር። በ1944 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር አንድ ቀን ግን ጥርስ በምታበቅል ሕፃን ልጃቸው ምክንያት ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው ስላደሩ፣ በድካም ዘሩን አንድ ጊዜ ብቻ አጠቡት፤ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱም ሰዓቱን ዘንግተው አንድ ሰዓት ሙሉ አቆዩት። ከዚያም በኋላ ተመልሰው ቢያዩ ዕንቁላሉ ሁለት ሆኖ ተከፍሎ አገኙት። በኋላ የመጡ ሊቃውንት በዚህ ውጤት ላይ ጥርጣሬ አላጡም፤ ይሁን እንጂ ከስድስት ዓመት ትጋት ይልቅ አንዲት ሰዓት የዘነጋች እናት ስሕተት ብዙ እንዳስተማረ ታሪኩ ይመሰክራል።

ጥርጣሬው የመጣው ከሌላ የሰዓት ምስጢር ነው። በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ የነበሩት ቻይናዊው ሊቅ ቻንግና በአውስትራሊያ የነበሩት ኦስቲን፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ሠርተው አንድ ነገር አገኙ። ይኸውም የወንድ ዘር ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ወዲያውኑ ዕንቁላልን ለመውጋት ችሎታ እንደሌለው፣ ችሎታውን የሚያገኘው በሴቲቱ አካል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ከተለወጠ በኋላ መሆኑን ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ያልበሰለውን ዘር ከዕንቁላል ጋር እያገናኙ ለምን እንደ ከሸፈባቸው በዚህ ታወቀ። ቻንግ ይህን ዕውቀት ይዘው በ1959 ዓ.ም. ከአካል ውጭ ከተጀመረ ፅንስ ጥንቸሎች እንዲወለዱ አደረጉ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንመለስ። ሮበርት ኤድዋርድስ በ1925 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ግዛት ተወለዱ፤ በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ የአይጦችን ዘርና ፅንስ ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ሰው ዕንቁላል ተሻገሩ። በዘመኑ መጽሐፍ የተጻፈው የሰው ዕንቁላል ከአካል ወጥቶ ለመብሰል አሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚበቃው ነበር። ኤድዋርድስም ሞሊ ሮዝ የተባሉ የማሕፀን ሐኪም በቀዶ ሕክምና ከሚያወጡት የዕንቁላል መፍለቂያ ጥቂት ጥቂት እየተቀበሉ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠብቀው ቢመለከቱ ምንም ለውጥ አላዩም። ብዙ ጊዜ ደጋገሙት፤ ያው ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን «የሰው ዕንቁላል ከአካል ውጭ አይበስልም» ብሎ ይተወው ነበር። እሳቸው ግን ጥፋቱ የዕንቁላሉ ሳይሆን የመጽሐፉ ሊሆን ይችላል ብለው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ እየጨመሩ መጠበቅ ጀመሩ። በመጨረሻም የሰው ዕንቁላል የሚበስለው በሠላሳ ስድስትና በሠላሳ ሰባት ሰዓት ውስጥ መሆኑን አገኙ፤ ይህንንም በ1965 ዓ.ም. በጽሑፍ አስታወቁ። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ያልበሰለ ፍሬ ለቅመው «ዛፉ አያፈራም» እንዳለ ገበሬ ሆነው ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የተማሪው የባሪ ባቪስተር ሥራ ተጨመረ። ባቪስተር አይጥ ለምትመስለው ሃምስተር ለተባለች ትንሽ እንስሳ ፅንስ ያዘጋጀው ፈሳሽ ለሰው ዕንቁላል ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ በ1969 ዓ.ም. የሰው ዕንቁላል በመስታወት ሰሐን ውስጥ ከወንድ ዘር ጋር መዋሐዱ በታወቀው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታተመ።

አሁን የቀረው ዕንቁላሉን ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ከሴቲቱ አካል ማውጣት ነበር። በዚያን ጊዜ የጥጥ ፋብሪካ በሞላባት በኦልደም ከተማ ፓትሪክ ስቴፕቶ የተባሉ ሐኪም ነበሩ። እኒህ ሰው በለንደን ሥራ ሳያገኙ ቀርተው በ1951 ዓ.ም. ወደዚያች የጠቅላይ ግዛት ከተማ የሄዱ ናቸው። በኦልደምም ሆነው፣ በሆድ ላይ በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ብርሃን ያለው መመልከቻ አስገብተው የሆድን ውስጥ ማየት የሚያስችለውን የላፓሮስኮፕ ጥበብ አዳብረው በ1967 ዓ.ም. መጽሐፍ ጻፉበት። የለንደን ታላላቅ ሐኪሞች ብዙዎቹ ጥበቡን ዋጋ አልሰጡትም። ኤድዋርድስ ግን ሲፈልጉት የነበረው ይኸው ስለ ነበረ በ1968 ዓ.ም. ሁለቱ ተገናኙ። ከእነርሱም ጋር ነርስ የነበሩት ሚስ ጂን ፐርዲ ተጨምረው፣ ሦስቱ በኦልደምና በአጠገቡ ባለው በከርሾ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ሥራቸውን አካሄዱ።

ኤድዋርድስና ሚስ ፐርዲ ከካምብሪጅ እስከ ኦልደም ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ለዓመታት በመኪና ሲመላለሱ ኖሩ። በ1971 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የገንዘብ ርዳታ ቢጠይቁት ከለከላቸው። ከተሰጡትም ምክንያቶች ውስጥ የሥራው አደጋ መታወቅ እንዳለበትና፣ የሕዝብ ብዛት በሚያሳስብበት ዘመን መካንነት ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ አለመሆኑ ይገኙበታል። እነርሱ ግን ከግል ለጋሾች በሚያገኙት ገንዘብ ቀጠሉ።

የሥራቸውን መዝገብ በኋላ የመረመሩ ሰዎች የሚነግሩን ቍጥር እጅግ አስተማሪ ነው። ከ1969 እስከ 1978 ዓ.ም. 282 ሴቶች ወደ እነርሱ ቀርበዋል፤ 457 ጊዜ ዕንቁላል ለማውጣት ተሞክሯል፤ ፅንስ ወደ ማሕፀን የገባው 112 ጊዜ ነው፤ ከዚህም ሁሉ የተገኘው አምስት እርግዝና ሲሆን፣ በሕይወት የተወለዱት ሁለት ሕፃናት ብቻ ናቸው። የቀሩት ሴቶች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የሁለቱ ሕፃናት ስም በታሪክ ሲጻፍ፣ ያለ ፍሬ ሥቃዩን የተቀበሉት የነዚህ ሴቶች ስም አይነሣም። ዛሬ በሕክምናው ልጅ ያገኘ ሁሉ ግን የእነርሱ ባለዕዳ ነው።

ያ ሁሉ ሙከራ የከሸፈበት ዋናው ምክንያት ምን ነበር? ዕንቁላል በብዛት እንዲገኝ ለሴቶቹ የሚሰጡት የሆርሞን መድኃኒቶች ማሕፀን ፅንሱን የምትቀበልበትን ጊዜ ያሳጥሩት ነበር። ፅንሱ ደርሶ በር ሲያንኳኳ፣ የማሕፀን ቀጠሮ አልፎ ይቆይ ነበር ማለት ነው። ይህን የተረዱት በረጅም ፈተና ነው። በ1977 ዓ.ም. መድኃኒቱን ትተው፣ ተፈጥሮ በየወሩ የምታበስለውን አንዱን ዕንቁላል ብቻ ለመጠበቅ ቈረጡ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ዕንቁላሉ የሚወጣበትን ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሴቲቱን ሽንት በየሦስት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ከጃፓን በመጣ መመርመሪያ እየመረመሩ፣ ዕንቁላሉን የሚያስወጣው ሆርሞን ከፍ ያለበትን ሰዓት ሲያገኙ ከዚያ ቈጥረው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ይገቡ ጀመር። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ቢሆን እኩለ ሌሊት ነው፤ ሰንበት ቢሆን ሰንበት ነው። ተፈጥሮ የመሥሪያ ቤት ሰዓት አታውቅምና።

በዚህ ጊዜ ከብሪስቶል ከተማ ወይዘሮ ሌስሊ ብራውን የተባሉ ሴት መጡ። ባለቤታቸው ሚስተር ጆን ብራውን የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሁለቱም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈልገው አላገኙም፤ የወይዘሮዋ ቱቦዎች ተደፍነው ነበር። በ1977 ዓ.ም. ኖቬምበር 10 ቀን ስቴፕቶ አንዷን ዕንቁላል አወጡ፤ ኤድዋርድስ ከባልየው ዘር ጋር አገናኙት፤ ሚስ ፐርዲም ፅንሱ ሲከፋፈል በመጀመሪያ ተመለከቱ። ስምንት ሕዋስ ሲሆን ወደ ወይዘሮ ብራውን ማሕፀን ተመለሰ። በ1978 ዓ.ም. ጁላይ 25 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ለሌሊቱ 6 ሰዓት 13 ደቂቃ ሲቀረው በኦልደም ሆስፒታል ሉዊዝ ብራውን የተባለች 2 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል የምትመዝን ጤነኛ ሴት ልጅ ተወለደች። ጋዜጠኞች «የብልቃጥ ሕፃን» አሏት። እውነቱ ግን በመስታወቱ ሰሐን ውስጥ የቆየችው ሁለት ቀን ተኩል ያህል ሲሆን፣ ዘጠኙን ወር የተሸከመቻት እንደ ማንኛውም ልጅ እናቷ ነች።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች «እንዲህ ያለ ልጅ ጤና አይኖረውም፤ ቢያድግም አይወልድም» ብለው ፈርተው ነበር። የሉዊዝ ታናሽ እኅት ናታሊም በዚሁ ሕክምና የተወለደች ስትሆን፣ በ1999 ዓ.ም. ያለ አንዳች ልዩ ሕክምና ልጅ ወለደች፤ ሉዊዝም ራሷ በ2006 ዓ.ም. እንዲሁ ወለደች። ዛሬ በዚህ ጥበብ የተወለዱት በዓለም ላይ ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ይገመታል። ኤድዋርድስ የኖቤልን ሽልማት ያገኙት በ2010 ዓ.ም. ነው። ይህ ሽልማት ለሞተ ሰው ስለማይሰጥ፣ በ1988 ዓ.ም. ያረፉት ስቴፕቶና በ1985 ዓ.ም. ገና በ39 ዓመታቸው የሞቱት ሚስ ፐርዲ አልተካፈሉትም። ስለ ጊዜ የሚያስተምረው ሥራ ክብሩም ዘግይቶ መጣ።

ከሉዊዝ መወለድ ወዲህ የተደረገው መሻሻል ሁሉ የሰዓቱን ጉዳይ በሰው እጅ ለማድረግ የተደረገ ጥረት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ የነበሩት ሐኪሞች፣ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮም በአሜሪካ በኖርፎክ ከተማ የነበሩት ባልና ሚስቱ ዶክተር ሃዋርድና ጆርጂያና ጆንስ፣ የሆርሞኑን መድኃኒት በተሻለ አሰጣጥ መልሰው አመጡት፤ ብዙ ዕንቁላል በአንድ ጊዜ እንዲበስልና የሚወጣበትም ሰዓት አስቀድሞ እንዲታወቅ አደረጉ። ዛሬ የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ በኋላ ዕንቁላል የሚቀዳው ሠላሳ ስድስት ሰዓት ያህል ተቈጥሮ ነው። ይህች ቍጥር ኤድዋርድስ በላቦራቶሪ ሲጠብቁ ያገኟት ያችው ቍጥር መሆኗን ልብ በሉ።

ከዚያም ዕንቁላሉን በሆድ በኩል ከማውጣት ይልቅ በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ በመርፌ መቅዳት ተጀመረ። በ1984 ዓ.ም. በሜልቦርን ቀዝቅዞ ከቆየ ፅንስ የመጀመሪያዪቱ ሕፃን ተወለደች። ፅንስ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሲቀመጥ ሰዓቱ ይቆማል፤ በ1992 ዓ.ም. ከቀዘቀዘ ፅንስ በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ መንትዮች መወለዳቸው ለዚህ ምስክር ነው። በዚህ ዓይነት ሐኪሙ ማሕፀን የተዘጋጀችበትን ወር መርጦ ፅንሱን ለማስገባት ቻለ።

በወንድ በኩል ያለውንም ችግር መዘንጋት አይገባም። በ1992 ዓ.ም. በብራስልስ ከተማ ፓሌርሞና ባልደረቦቹ አንዲቱን የወንድ ዘር በቀጭን መርፌ ይዘው በቀጥታ ወደ ዕንቁላሉ ውስጥ የማስገባትን ጥበብ አስታወቁ። ይህም ከዚያ በፊት ዘራቸው አነስተኛ ወይም ደካማ በመሆኑ ተስፋ ቈርጠው ለነበሩ ባሎች ሁሉ መንገድ ከፈተ። ነገሩ በራሱ ትልቅ ምስክርነት አለው። ይህ ሕክምና በዓለም ሁሉ እንዲህ መስፋፋቱ፣ የመካንነት ምክንያት የሴት ብቻ አለመሆኑንና ወንዱም በብዙ ቤት ድርሻ እንዳለው በግልጽ ያሳያል።

እንግዲህ የሕክምናውን መሳካት የሚወስኑት ነገሮች ምንድን ናቸው? አንደኛው የቤተ ሙከራው ጥራት ነው። ፅንሱ የሚያድግበት ፈሳሽ፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሆኖ መጠበቁ፣ የአየሩ ንጽሕና፣ የሠራተኛው እጅ ሁሉ ዋጋ አላቸው። ሁለተኛው የችግሩ ምክንያት ነው። ለምሳሌ የተደፈነው ቱቦ ፈሳሽ አቍሮ ያበጠ እንደ ሆነ፣ ያ ፈሳሽ ወደ ማሕፀን እየወረደ ፅንሱን ይጐዳልና ሐኪሞች ቱቦውን አስቀድመው በቀዶ ሕክምና ማውጣትን ይመክራሉ። ሦስተኛው የባልና የሚስት አኗኗር ነው። ሲጋራ ማጨስና ያለ ልክ መወፈር ዕድሉን ያሳንሱታል። አራተኛው የሚገቡት ፅንሶች ቍጥር ነው። ቀድሞ ዕድል ለማብዛት ሲባል ሦስትም አራትም ፅንስ በአንድ ጊዜ ይገባ ነበር፤ ውጤቱም መንታና ሦስት ጽንስ እየሆነ እናቲቱንም ሕፃናቱንም አደጋ ላይ ጣለ። ስዊድን በ2003 ዓ.ም. እንደ ደንብ አንድ ፅንስ ብቻ እንዲገባ ወሰነች። በእንግሊዝ አገርም በዚህ ሕክምና ይገኝ የነበረው የመንታ ወሊድ በ1990ዎቹ ከመቶ 28 ያህል የነበረው በ2019 ዓ.ም. ወደ ከመቶ 6 ዝቅ ብሏል። ብዙ ከመዝራት ይልቅ አንዱን በደህና መትከል እንደሚሻል በዚህ ታወቀ።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሴቲቱ ዕድሜ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን ያህል ዕንቁላል ይዛ ትወለዳለች፤ ከዚያ በኋላ አይጨመርላትም። ለአካለ መጠን ስትደርስ ከሦስት እስከ አራት መቶ ሺሕ ያህል ይቀራታል፤ ቍጥሩም ጥራቱም በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ መቀነሱ ይፈጥናል። በእንግሊዝ አገር በ2019 ዓ.ም. በተመዘገበው መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች በገባው በእያንዳንዱ ፅንስ ከመቶ 32 ያህሉ ልጅ ሲያስገኝ፣ 43 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው በራሳቸው ዕንቁላል ለተጠቀሙት ግን ከመቶ 5 አልሞላም። ቤተ ሙከራው ያው ነው፤ ሐኪሙ ያው ነው፤ መድኃኒቱም ያው ነው፤ የተለየው ዘመኑ ብቻ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ከወጣት ሴት በተሰጠ ዕንቁላል ብትጠቀም ዕድሏ ወደ ወጣቲቱ ዕድል ይጠጋል። ይህም የሚያረጀው በተለይ ዕንቁላሉ እንጂ ማሕፀን አለመሆኗን ያስረዳል።

ከዚህ ቍጥር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ፊተኛው፣ በተሻለው ዕድሜ እንኳ ቢሆን አንዱ ሙከራ ከሚሳካበት የማይሳካበት ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲከሽፍ ሴቲቱን መውቀስ ወይም ሐኪሙን አታላይ ማለት አይገባም፤ በተደጋገመ ሙከራ ጠቅላላው ዕድል ከፍ ይላል። በአንጻሩም «በእርግጥ ትወልጃለሽ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ቢኖር ከእርሱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ትምህርት፣ የባከነ ዓመት በገንዘብ አይመለስም።

ይህን የምናገረው በተለይ ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነው። ትምህርት ረዘመ፤ ጋብቻ ዘገየ፤ ሹመት መጣ፤ ባል በአንድ ክፍለ ሀገር፣ ሚስት በሌላ ተመደቡ፤ «ቤት ከሠራን በኋላ»፣ «ዝውውሩ ከተፈቀደ በኋላ» እያልን ዓመቱን በቀጠሮ እንገፋዋለን። መዝገብ ቤት የገባ ጉዳይ ቢዘገይ ነገ ይፈጸማል፤ የዕንቁላል ቀጠሮ ግን ለነገ አይተላለፍም። ችግሩ ሲገጥመን ደግሞ ሚስት ብቻዋን ከጠበል ወደ ባለመድኃኒት፣ ከባለመድኃኒት ወደ ሐኪም ስትንከራተት ሦስትና አራት ዓመት ያልፋል፤ ባል ለመመርመር የሚሄደው ከሁሉ በኋላ ነው። ነገር ግን የወንዱ ምርመራ ከምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ ነውና፣ ሊጀመር የሚገባው ከእርሱ ጭምር ነበር። በጸሎቱ የሚጽናና ሰው ጸሎቱን ይያዝ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ጸሎትን አያስቀርም፤ የሚጐዳው አንዱን ለሌላው ብሎ ዓመታትን ማሳለፍ ነው።

ሐኪሞች የሚመክሩት እንዲህ ነው። ሴቲቱ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች፣ ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው አንድ ዓመት ኖረው ልጅ ካልመጣ፣ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን በአንድነት ወደ ሐኪም ይሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ከስድስት ሰው አንዱ በዘመኑ ውስጥ ይህ ችግር ያጋጥመዋል ብሏል። እንግዲህ ነገሩ የአንድ ቤት ኀፍረት ሳይሆን እንደ ወባና እንደ ዓይን በሽታ ሊታከም የሚገባው የብዙዎች ችግር ነው። ቀድሞ ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። በ2019 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት ማዕከል ተከፍቶ፣ ያ በኦልደም የተጀመረው ጥበብ በአገራችን ሐኪሞች እጅ ገብቷል። ከሕክምናው በፊትም መከላከል ይቀድማል። የአባለ ዘር በሽታን በጊዜው መታከም፣ በሠለጠነ እጅ መውለድ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ትኵሳት አለመናቅ፣ እነዚህ ሁሉ ቱቦውን ከመደፈን ያድናሉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ አባቶቻችን «ሁሉም በጊዜው» ሲሉ ሰው እንዲታገሥ ብቻ አልነበረም፤ ጊዜው ሲደርስ እንዳይተኛም ነው። ወይዘሮ መንኪን በድካም የጨመሯት ግማሽ ሰዓት፣ ኤድዋርድስ ከመጽሐፉ አሥራ ሁለት ሰዓት በላይ የጠበቁት ትዕግሥት፣ በከርሾ ሆስፒታል በየሦስት ሰዓቱ የተቋረጠው የሌሊት እንቅልፍ፣ እነዚህ ተደማምረው ነው ለወይዘሮ ብራውን ልጅ የሰጧቸው። እኛም ከዚህ ታሪክ ልንወስደው የሚገባን ሊቃውንቱ ሰዓት ያከበሩትን ያህል ዘመናችንን እንድናከብር፣ በቤታችንም ውስጥ ልጅ በዘገየ ጊዜ ወቀሳውን ትተን ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ሳይመሽ እንድንነሣ ነው።